ከረጢት ቁጥር ሁለት መቶ አንድ

ዶክተር መልአኩ የተገኘው ከዘር መጋዘኑ በር ጀርባ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመጋዘኑ ኃላፊ አባይነሽ ጓጉንቸሩን ከፍታ በሩን ወደ ውጭ ስትስበው፣ በሩን ተደግፎ የነበረው ሬሳ አብሮ ወጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። በቀኝ እጁ ጣቶች መገጣጠሚያ ላይ ቆዳው ተልጦ ደም ደርቆበታል። ከኋላው፣ ከጆንያዎቹ መካከል፣ የነቀዝ መድኃኒት ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ባዶውን ተጋድሟል። ያ መድኃኒት አየር ሲነካው የሚገድል ጋዝ ያወጣል፤ መጋዘኑ ደግሞ መስኮት የለውም።

ሰውዬው ለመውጣት ታግሏል። የሰማው ግን አልነበረም።

ቦታው ከገሱባ ከተማ በላይ፣ በሞተር አንድ ሰዓት በሚያስወጣ ደጋ ላይ ያለ የስንዴ ምርምር ንዑስ ጣቢያ ነው፤ አምስት ክፍል ቤት፣ አንድ መጋዘንና በሽቦ የታጠረ የሙከራ ማሳ አለው። ከመንገዱ የሚለየው ድልድይ የሌለው ወንዝ ነው። ኢንስፔክተር ሳሊሃ ከሶዶ መጥታ፣ ከሳጅን ትዕዛዝ ጋር ጫማዋን አውልቃ ስትሻገር ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ አላለፈም ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚያዝያ ዝናብ ወረደና ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ደፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሚገባም የሚወጣም አልነበረም። ግቢው ውስጥ አንድ ሬሳ፣ ሁለት ፖሊስና አራት ሠራተኞች ታጉረው ቀሩ።

አምስት ሰዓት ላይ የሳሊሃ አለቃ ከሶዶ ደወለ። ነገሩ እሱን አላስቸገረውም፤ መጋዘኑ አንድ መክፈቻ ብቻ አለው፣ መክፈቻው ያለው አባይነሽ ዘንድ ነው። ውሃው እንደጎደለ መኪና ማዶ ይጠብቃቸዋል፤ ሴትየዋን ይዘው ይምጡ አለ።

አባይነሽ ይህን የሰማችው ከበረንዳው ላይ ሆና ነው። የአምስት ወር ሴት ልጇ ወንዙን ተሻግሮ ጎረቤት ቤት ናት፤ ጠዋት ካጠባቻት ወዲህ አላየቻትም። የቀሚሷ ደረት በሁለት በኩል ረጥቦ ነበር፤ ዝናብ ግን አልነካትም። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችው።

ሳሊሃ አይታ እንዳላየች ሆነች። ሰዓቱ የጠበበው በማን ላይ እንደሆነ ግን ገብቷታል።

ሳሊሃ ብዙ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም። ሰው ዝም ሲሉት ዝምታውን ለመሙላት ይናገራል፣ የሚዋሸውም የሚናዘዘውም ያኔ ነው ብላ ታምናለች። ስለዚህ መጀመሪያ የጣቢያው አስተባባሪ አቶ ጉልላት ቢሮ ገብታ ተቀመጠችና ዝም አለች።

አቶ ጉልላት አርባ ዓመት የሞላው፣ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ትሁት ሰው ነው። ከሌላ ክልል ተመድቦ በመጣ በአምስተኛው ዓመቱ ላይ ነው። ዶክተሩ ለምን እንደመጣ በዝርዝር ነገራት። አስር የስንዴ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ቦታ በዕጣ ተደልድለው ይዘራሉ፤ በሦስት ረድፍ ሰላሳ ትንንሽ መደቦች ማለት ነው፤ ቁጥራቸው ከ101 እስከ 110፣ ከ201 እስከ 210፣ ከ301 እስከ 310። የአንዱ ዝርያ ዕድል መልካም መሬት ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው ዕጣው። የየመደቡ ምርት ለየብቻ ታጭዶ፣ ቁጥር በታሰረበት ከረጢት ገብቶ ይመዘናል። የትኛው ዝርያ ለገበሬ እንደሚለቀቅ፣ የትኛው ለቀጣዩ ማዳቀል ወላጅ እንደሚሆን የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። ዶክተር መልአኩ የአስራ ሰባት ዓመት ቁጥሮችን ከየጣቢያው ሰብስቦ የስንዴው ዘር ከትውልድ ወደ ትውልድ ምን ያህል እንደተሻሻለ ያጠና ነበር። የዚህ ጣቢያ የመኸር ቁጥር አልገባ ብሎት ራሱ ሊያየው መጣ።

«ቁጥሩን የጻፈው ማን ነው?» አለች ሳሊሃ።

«እኔ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት እንጂ የመዘነችው አባይነሽ ናት። በወረቀት ጽፋ ነው ያመጣችልኝ።»

«ወረቀቱስ?»

«ከገለበጥኩ በኋላ ምን ያደርግልኛል ብዬ ጣልኩት። ስህተቴ ነው።» ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ማማት አልወድም፤ ግን ሳትመዝን በግምት ሞልታው ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ዶክተሩ ትናንት ምሳ ላይ ሰላሳውንም ከረጢት እንደገና እመዝናለሁ ሲሉ ፊቷ ተለዋወጠ።»

የነቀዝ መድኃኒቱን ጠየቀችው። በቢሮው ቁምሳጥን የሚቀመጥ ሲሆን ሰኞ ዕለት አባይነሽ ጠይቃው ሰጥቷታል፤ አላስፈረማትም። ትናንትስ? ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አስራ ሁለት ከዚህ ወንበር አልተነሳም፣ ሪፖርት ሲጽፍ ነበር። ዶክተሩ የሄደ መስሎት ነው፤ አስር ተኩል ላይ የሞተር ድምፅ ሰምቷል።

ሳሊሃ ለመነሳት ስትል መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ አየች። ሽፋኑ ላይ የሁለት ልጆች ፎቶ ተለጥፎበታል።

«ይሄ የእርስዎ ነው?»

«አይደለም። የእሳቸው መሆን አለበት። ከምሳ በፊት ሰክተውት ይሆናል፤ እኔ አላስተዋልኩትም።»

ስልኩን በመሐረብ ይዛ ወጣች።

የጣቢያው ረዳት ተመራማሪ ህብረት የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት፤ ስታለቅስ ቆይታ ፊቷ አባብጧል። ሳትጠየቅ በራሷ ላይ የሚያስጠረጥራትን ነገር አስቀድማ ተናገረች። የማስተርስ ጥናቷ የሚሠራው በዝርያ ቁጥር ሰባት ላይ ነው፤ ሰባት ቁጥር ከወደቀ ጥናቷም ይወድቃል። ሆኖም በአጨዳውና በምዘናው ጊዜ ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ነበረች። ስትመለስ ዳታው ተተይቦ፣ ተፈርሞ ወደ ላይ ሄዷል። ሰባት ቁጥር ገበሬው እስካሁን ከሚዘራው ከነባሩ ዝርያ በሰፊው በልጧል ተብሎ ሁሉም እንኳን ደስ አለሽ አላት።

«ትናንት ዝናቡ ሲወርድ የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ። ብቻዬን።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ምስክር የለኝም፣ ኢንስፔክተር። ከአስር ሰዓት በኋላ በረዶም ነበረበት። የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስልክ እያወራሁ የራሴን ድምፅ መስማት አቅቶኝ ዘጋሁት።»

ሳሊሃ ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር አሰመረች። በዚያ በረዶ መሃል አቶ ጉልላት የሞተር ድምፅ ሰምቷል።

አባይነሽ መልሷ አጭር ነበር፤ አማርኛዋን እየመረጠች ትናገራለች። ከማሳ ሠራተኛው ከጋሽ ባዳቾ ጋር ያጨደችው፣ የወቃችው፣ ቁጥር ያሰረችው እሷ ናት። መመዘን ግን አልመዘነችም። «ተይው፣ ራሴ እመዝነዋለሁ አሉኝ አቶ ጉልላት። ከዚያ ማንም አልመዘነም። ከረጢቱ እንደታሰረ ነው የከረመው።» መድኃኒትም አልጠየቀችም፣ አልተቀበለችም። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለዶክተሩ ከፍታ፣ ጓጉንቸሩን ማጠፊያው ላይ ክፍቱን አንጠልጥላ ወጥቤት ገባች። ጓጉንቸሩ ሲጫኑት ያለ መክፈቻ ይዘጋል፤ ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ዝናቡ ሲያባራ መጥታ ተዘግቶ አገኘችው።

«ዶክተሩ የታሉ ብለሽ አልጠየቅሽም?»

«አቶ ጉልላትን ጠየቅኩ። ሞተር መጥቶ ወሰዳቸው አሉኝ። ልጄ ትጠብቀኛለች፤ ወንዙ እስኪጎድል ዳሩ ላይ ቆሜ ሄድኩ።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «አንኳኩቼ ቢሆን ኖሮ?»

ሳሊሃ የዙህር ሶላትን በበረንዳው ጥግ ሰግዳ ስትነሳ ሳጅን ትዕዛዝ ወንዙን አይቶ ተመልሶ ነበር። ዝናቡ ቆሟል፤ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው፣ ውሃው ይጎድላል አለ። እንደ መልካም ዜና ነበር የነገራት።

ከሟቹ ኪስ የወጣ አንድ ወረቀት ነበራት። ዶክተሩ ጓጉንቸሩ ሳይዘጋበት በፊት ሰላሳውንም ከረጢት መዝኖ ጨርሷል። ጉልላት ወደ ላይ ከላከው የታተመ ሰነድ ጎን አስቀምጣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስተያየች። ሁሉም ይለያያሉ፤ ሳይመዘኑ የተጻፉ መሆናቸው ግልጽ ነው። እሷን የገረማት ግን ሌላ ነው። በታተመው ሰነድ በጣም ዝቅተኛ የሆኑት 110፣ 210 እና 310 ናቸው። በዶክተሩ ሚዛን ደግሞ 110፣ 201 እና 310። ቁጥር 201ን ከመጋዘኑ አስወጥታ በእጇ መዘነችው፤ ሁለት እፍኝ እንኳ አይሞላም። ሰነዱ ከኪሎ በላይ ይለዋል።

ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ጋሽ ባዳቾ ሄደች። ሽማግሌው ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባዶውን መሬት ያያል። ችካሎቹ ተነቅለዋል፤ የትኛው መደብ የት እንደነበር የሚያሳይ ነገር የለም።

«ጋሽ ባዳቾ፣ ባለፈው ክረምት እዚህ ምን ደረሰ?»

«ውሃ ተኛበት፣ ልጄ። እዚያ።» በቀኝ በኩል ያለውን ጠርዝ አሳያት። «ነሐሴ ላይ። ሦስት መደብ ቢጫ ሆነ፣ ሞተ። ዶክተርም ትናንት ጠዋት ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።»

«ቁጥራቸውን ታስታውሳለህ?»

«መቶ አስር። ሁለት መቶ አንድ። ሦስት መቶ አስር።»

«ሦስቱም አንድ ጠርዝ ላይ ናቸው? መቶ አስር የአንደኛው ረድፍ መጨረሻ ነው። ሁለት መቶ አንድ የሁለተኛው መጀመሪያ አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው የሞት ቤት መሆኑን እስኪረሳ ሳቀ። «አንቺ ከተሜ ነሽ። ሰው በሬ ጠምዶ ሲያርስ ጫፍ ደረሰ፤ ከዚያ በሬውን ተሸክሞ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል? እዚያው ነዋ የሚያዞረው። ችካልም እንደዚያ ነው የምንተክለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ሄድን፣ አስር ላይ አዞርን። ከአስሩ ፊት ለፊት ሁለት መቶ አንድ ቆመ፤ እየቆጠርን ተመለስን። ሦስተኛውን ደግሞ እንደገና ከግራ። መዝገብ የያዘ ሰውም እንደዚያው ነው የሚሄደው፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ በባዶ መመላለስ ነው።»

«ይህን የማያውቅ ሰው በጣቢያው አለ?»

«ማሳ የገባ ሰው ሁሉ ያውቃል» አለ ባዳቾ። ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

ሳሊሃ ሰላሳውንም ከረጢት አባይነሽና ባዳቾ ወደ በረንዳው እንዲያወጡ አደረገች። ከዚያ ሁሉንም አስወጥታ አንድ አንድ እያደረገች ጠራቻቸው፤ ለሁሉም ያለችው አንድ ነው፦ ማሳው ላይ እንደነበሩት ደርድሩልኝ። እያንዳንዱ ከጨረሰ በኋላ ሳጅን ትዕዛዝ አሰላለፉን ይጽፍና ከረጢቶቹን ይደባልቃል። ሳጅኑ ነገሩ አልጣመውም፤ ሬሳ በሸራ ሸፍነን የስንዴ ጨዋታ ይዘናል እያለ በአፍንጫው ይናገራል። በመካከሉ ሳሊሃ ሶዶ ደውላ ከሟቹ ሚስት ከወይዘሮ የማርያምወርቅ ጋር አወራች። ሴትየዋ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችና ጻፈች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን አራቱንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ማዶ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። አባይነሽ ድምፁ ወደመጣበት ዞረች፤ ጎረቤቷ የእሷን ሕፃን አዝላ ማዶ ዳሩ ላይ ቆማለች፤ የሕፃኗ ለቅሶ በውሃው ድምፅ መሃል ይቆራረጣል። ውሃው ጭን ድረስ ወርዷል።

«መኪናው መጥቷል» አለች ሳሊሃ። «ማንን እንደሚወስድ እስክነግራችሁ ተቀመጡ።»

ነገሩን ከመጨረሻው ጀመረች። ዶክተሩ የሞተው ከረጢቶቹን ስለመዘነ ነው። ጓጉንቸሩ ያለ መክፈቻ ስለሚዘጋ የአባይነሽ መክፈቻ ምንም አያስረዳም፤ ከአራቱ ማንም ሊዘጋው ይችል ነበር። የሚያስረዳው መዝገቡ ነው። ከረጢቶቹ እንደገና ሲመዘኑ የሚጋለጠው መዝገቡን የፈጠረው ሰው ነው። አቶ ጉልላት ፈጣሪዋ አባይነሽ ናት ይላል፤ አባይነሽ ደግሞ ጉልላት ነው ትላለች። የአንዱ ቃል በአንዱ ላይ ነው።

«ጸሐፊው ብልህ ነው» አለች። «ሁሉንም ከፍ አድርጎ ቢጽፍ እንደማይታመን ያውቃል። በክረምቱ የቀኙ ጠርዝ ውሃ እንደተኛበት ሰምቷል። ስለዚህ እውነት እንዲመስል የቀኙን ጠርዝ ቁጥሮች ዝቅ አደረገ። በወረቀት ላይ የቀኙ ጠርዝ 110፣ 210፣ 310 ነው፤ ቢሮ ለተቀመጠ ሰው ቁጥር እንደ ጽሕፈት ሁልጊዜ ከግራ ይጀምራል። ማሳው ላይ ግን ሁለተኛው ረድፍ ዞሮ ነው የሚመጣው። ጠርዙ ላይ የቆመው 201 ነው። በ201 የተዘራው ደግሞ ሰባት ቁጥር ነበር። በ210 የነበረው ነባሩ ዝርያ ነው። በዚህ ስህተት በወረቀት ላይ የሰመጠው ዝርያ ጠገበ፣ የጠገበው ሰመጠ።»

ህብረት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አባይነሽ በዚያ ማሳ ላይ አጎንብሳ ያጨደች ሴት ናት። ያንን ባዶ መደብ በማጭዷ ነክታዋለች፤ ቁጥሩንም በእጇ አስራለች። ልዋሽ ብትል እንኳ 210 ሰመጠ ብላ አትዋሽም። ዛሬ አራታችሁም ደርድራችሁልኛል። አባይነሽ፣ ጋሽ ባዳቾ፣ ህብረት ሁለተኛውን ረድፍ ከቀኝ ጀመሩ፤ ሳያስቡበት። ከግራ የጀመረ አንድ ሰው ነው።»

ማንም ወደ አቶ ጉልላት አላየም። መሬት መሬቱን አዩ፤ ያ ይብስ ነበር።

«ማሳ አለመግባት ስንፍና ነው» አለ ጉልላት፣ ድምፁ ሳይለወጥ። «ሳልመዝን ጻፍኩ እንበል። በዲሲፕሊን ልጠየቅ። ስንፍና ግን ሰው መግደል አይደለም፣ ኢንስፔክተር።»

«ልክ ነዎት፣ አይደለም።» ስልኩን ከመሐረቡ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ወይዘሮ የማርያምወርቅ ትናንት በአስርና በአስራ አንድ ሰዓት መካከል ባለቤታቸው ጋ ሦስት ጊዜ ደውለዋል። ሦስቱንም ጊዜ ሁለቴ ጠርቶ ተቋረጠባቸው። ስብሰባ ላይ ነው ብለው ተዉት። ማታ ሲደውሉ ግን እስከ መጨረሻው ጠራ፤ የሚያነሳው ብቻ ጠፋ። ማንም ያልነካው ስልክ በሁለተኛው ጥሪ ላይ አይቋረጥም፤ ጣት ያስፈልገዋል። ስልኩ የነበረው እርስዎ ቢሮ ነው፤ ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ከወንበሬ አልተነሳሁም ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ሦስቴ የዘጉትን ስልክ አላስተዋልኩትም አሉኝ።»

ጉልላት ዓይኑን ከስልኩ ላይ አነሳ።

«ስልኩ ከጠራ፣ ባለቤቱ አለመሄዱን የሚያልፍ ሁሉ ያውቃል። አባይነሽ መጥታ ስትጠይቅዎ ሞተር ወሰዳቸው አሉ። ያኔ መጋዘኑ እየተደበደበ ይሁን ዝም ብሎ ይሁን የሚያውቁት እርስዎና ፈጣሪዎ ናችሁ። ወንበርዎ ግን በመሃል አንድ ጊዜ ባዶ ሆኗል። ከቁምሳጥኑ እስከ መጋዘኑ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅዎትን ያህል።»

ጉልላት የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ።

«ሰኔ ላይ ዝውውሬ ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሰባት ቁጥር ካለፈ ወደ ሶዶ። አምስት ዓመት እዚህ ጭቃ ውስጥ። ክረምት ሲገባ ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ግቢ መውጣት የለም። ታውቁታላችሁ እንዴት እንደሆነ።»

«እናውቃለን» አለ ባዳቾ።

ህብረት የዶክተሩን ወረቀት ከጠረጴዛው አንስታ ታነብ ነበር። ከግርጌው በእርሳስ የተጻፈ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሳሊሃ አይታው ነበር፤ ሳይንሱን ስለማታውቅ አልተናገረችም። ህብረት ጮክ ብላ አነበበችው።

«"201፣ ውሃ የተኛበት። ባዶ ይተው። ያለሱም ሰባት ቁጥር ከነባሩ ይበልጣል።"»

ጉልላት ቀና አለ። «ባዶ መተው ይቻል ነበር?»

«ሁልጊዜ ይቻላል» አለች ህብረት። «የትኛውም ሙከራ ላይ። አንድ ሰረዝ ነው የሚጻፈው።»

ሳጅን ትዕዛዝ ካቴናውን አውጥቶ ጉልላትን ከወንበሩ ሲያስነሳው እንደታመመ ሰው ክንዱን ሰጠው።

ሳሊሃ ወደ አባይነሽ ዞራ ሂጂ ልትላት ነበር፤ ወንበሩ ግን ባዶ ነው። በመስኮቱ ስታይ ሴትየዋ ቁልቁለቱን በባዶ እግሯ ትወርዳለች። ጋሽ ባዳቾ በወላይትኛ እየተጣራ፣ ወደ ላይኛው በኩል እንድትጠጋ በእጁ እያሳየ ይከተላታል። ውሃው ጉልበቷን አለፈ፣ ጭኗ ላይ ደረሰ፤ ቀሚሷን ለመሰብሰብ አልሞከረችም። በማዶ ጎረቤቲቱ ሕፃኗን ከጀርባዋ ፈትታ ዘረጋችላት። ልጅቷ እናቷን አይታ ይብስ ጮኸች።

አባይነሽ እጇን ሰድዳ መልሳ ሰበሰበችው። መርዙ ያደረባቸውን እነዚያን ከረጢቶች ስታቅፍ ውላለች። ዳሩ ላይ ተንበርክካ አሸዋ ዘገነች፤ እጆቿን እስከ ክርኗ ፈተገች፣ አጠበች። እንደገና አሸዋ ዘግና ፈተገች። የመኪናው ሹፌር ምን እንደምትሠራ ግራ ገብቶት በመስኮት ያያታል። ሕፃኗ ታለቅሳለች። እናት ቀና ሳትል፣ በወላይትኛ ፈጣሪን እየጠራች፣ «ጦሶ፣ ቆዪ፣ ቆዪ» እያለች ሦስተኛ ጊዜ ታጥባለች።